ሴት እጩን አለመውደድ ሴትን መናቅ ነው ወይ?

በኖቬምበር 2025 አሜሪካ ውስጥ በጥቂት ቀናት ልዩነት እርስ በርስ የሚጣረሱ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ሆኑ። ኖቬምበር 4 ቀን ቨርጂኒያ አቢጌል ስፓንበርገርን፣ ኒው ጀርሲ ደሞ ማይኪ ሼሪልን ገዥ አድርገው መረጡ፣ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም ከ10 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት ነው ያሸነፉት፣ ቨርጂኒያ እንደውም በታሪኳ አንድም ሴት ገዥ ኖሯት አያውቅም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚሼል ኦባማ ብሩክሊን ውስጥ በአንድ መድረክ ላይ አሜሪካ ለሴት ፕሬዚዳንት ገና ዝግጁ አይደለችም፣ ያለፈው ምርጫም ያሳየን ይሄንኑ ነው ሲሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣና የቆየው ክርክር እንደገና ተቀሰቀሰ።

ክርክሩ በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ሲሸነፉ ነበር፣ በ2024 ካማላ ሃሪስ ሲሸነፉም ነበር፣ ሁሌም ደሞ እዛው ሁለት ቦታ ላይ ተፋጦ ነው ሚቀረው። አንደኛው ወገን እነሱን ያልመረጠ ሰው ውስጥ ውስጡን ሴት መሪ ማየት የማይፈልግ ነው ይላል። ሌላው ደሞ እኔ ያልወደድኩት ፖሊሲዋን ነው፣ ጾታዋ ከዚህ ምን አገባው፣ ሴክሲዝም የሚሉት ተሸናፊዎች የሚያመጡት ማሳበቢያ ነው ይላል። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሚኖረው ሀበሻ መሀልም፣ በተለይ ዜግነት ወስዶ የሚመርጠው ሰው ከበዛ ወዲህ፣ ይሄው ክርክር በአማርኛ ይካሄዳል፣ ብዙ ጊዜም በመዘላለፍ ነው የሚያልቀው።

ሁለቱ ወገኖች አንድ የሚጋሩት ስህተት ያለ ይመስለኛል። ሁለቱም አድልዎ አንድ ሰው ልብ ውስጥ ወይ አለ ወይ የለም ተብሎ ሊፈተሽ የሚችል ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። አድልዎ ግን በአብዛኛው ከባዶ ተነስቶ ጥላቻ አይፈጥርም፣ እውነተኛ የሆነ፣ ማንም ሊያነሳው የሚችል ጥፋት ላይ ተጨማሪ ክብደት ነው የሚያስቀምጠው። ሚዛን ላይ ጣት እንደማሳረፍ ማለት ነው፣ ስጋው የውነት ስጋ ነው፣ ኪሎው ነው ትክክል ያልሆነው። ይሄ ከገባን ምክንያት አለኝ የሚለው ሰው በዛ ብቻ ነጻ እንደማይወጣ፣ በሌላ በኩል ደሞ ያልመረጠ ሁሉ አድሎአዊ ነው ማለት ለምን እንደማያስኬድ ሁለቱም ግልጽ ይሆናል።

ቃላቱን እንለያቸው

ሴክሲዝም በአማርኛ ጾታዊ አድልዎ ተብሎ ይተረጎማል፣ ሰውን በጾታው ምክንያት ዝቅ አድርጎ ማየት ወይም ለሱ ብቻ ሌላ መለኪያ ማውጣት ማለት ነው። ሚሶጂኒ የሚባለው ደሞ ሴት ጠልነት ነው። ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ይጠቀምበታል፣ ግን ልዩነት አላቸው። የመጀመሪያው በአብዛኛው እምነት ነው፣ ሴት ለዚህ ስራ አትሆንም የሚል። ሁለተኛው ከተመደበላት ቦታ ወጣ ያለችውን ሴት መቅጣት ነው፣ በስድብ፣ በማሸማቀቅ፣ በማስፈራራት። ስለዚህ አንድ ሰው እናቱንና ሚስቱን ከልቡ የሚወድ፣ ሴት ልጁን ሀኪም ለማድረግ ሌት ተቀን የሚለፋ ሆኖ፣ ስልጣን ስጡኝ ብላ አደባባይ የቆመችን ሴት ሲያይ ግን ደሙ የሚፈላ ሊሆን ይችላል። እኔ እንዴት ሴት እጠላለሁ ሴት ልጅ አለችኝ እኮ የሚለው መከላከያ ብዙ ርቀት የማይሄደው ለዚህ ነው።

አድልዎ ሁሌ ፊቱን አኮሳትሮ አይመጣም። ፒተር ግሊክና ሱዛን ፊስክ የተባሉ የስነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1996 ባወጡት ስራ ሁለት ፊት እንዳለው አሳይተዋል፣ አንዱ በግልጽ የሚጠላ ነው፣ ሌላው ሴትን የሚያሞግስ፣ የሚጠብቅ፣ ግን አንቺ ለዚህ ጭቃ አትሆኚም ብሎ ከሜዳው የሚያስወጣ ነው። እኛ ጋ ሁለቱም በቋንቋችን ውስጥ አሉ። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚለው ተረት ግልጽ ነው፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደፋር ሴት ስናደንቅ ግን እሷ እኮ ወንድ ናት እንላለን፣ ከልብ የሚነገር ሙገሳ ነው፣ ሆኖም ድፍረትን የወንድ ንብረት አድርጎ ለሷ ለጊዜው ማዋስ ነው። ያው ፖለቲካ ደሞ ድፍረት የሚጠየቅበት ስራ ስለሆነ ሴት እጩ ገና ስትጀምር የተዋሰችው ነገር ይዛ ነው የምትቆመው፣ ከተቆጣች ወንዳወንድ ትባላለች፣ ከለዘበች አልቻለችም ትባላለች።

አለመውደድ የሚለው ቃልም ሶስት የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚይዘው። ፖሊሲን አለመውደድ አለ፣ የሰራችውን ነገር አለመውደድ አለ፣ ከዛ ደሞ ስም የሌለው ብቻ ደስ አትለኝም፣ አትመቸኝም የሚባለው አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በክርክር ሊፈተኑ ይችላሉ። ሶስተኛው አይፈተንም፣ ምክንያት ሲጠየቅም ድምጿ፣ አሳሳቋ፣ አለባበሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ለሃሪስ ሳቅ የተሰጠውን ቦታ ማስታወስ ይቻላል፣ ተቃዋሚዎቻቸው ቅጽል ስም አድርገውላቸው ነበር።

ምክንያት መኖሩ ብቻውን መልስ አይሆንም

ክሊንተንን እንውሰድ፣ ምክንያቱም የሳቸው ጉዳይ ነው በጣም የተወሳሰበው። በኦክቶበር 2002 ሴናተር ሆነው የኢራቅን ጦርነት የሚፈቅደውን ውሳኔ ደግፈው ድምጽ ሰጥተዋል። ከስልጣን ከወረዱ በኋላ ጎልድማን ሳክስ ለሚባለው ትልቅ የዎል ስትሪት ባንክ ሶስት ንግግር አድርገው 675,000 ዶላር ተቀብለዋል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እያሉ የመንግስት ስራ በግል የኢሜይል ሰርቨር ሰርተዋል፣ የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የነበሩት ጄምስ ኮሚ በጁላይ 2016 ክስ የሚያስመሰርት አይደለም ግን ከፍተኛ ጥንቃቄ የጎደለው ስራ ነው ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፣ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው ደሞ ጉዳዩን መልሰው አንስተውታል። እነዚህን ይዞ አልመርጣቸውም ያለን ሰው ሴክሲስት ነህ ማለት አይቻልም፣ ኢራቅ ላይ ስለሞተው ሰው መቆጣት ጾታ የለውም። በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ጊዜ ወጣት ሴቶች ራሳቸው በብዛት ወደ ተፎካካሪያቸው በርኒ ሳንደርስ ሄደው ነበር።

አሁን ግን ክብደቱን እንይ። ለዛው ጦርነት በዛው ቀን ድምጽ ከሰጡት ዴሞክራት ሴናተሮች መሀል ጆን ኬሪና ጆ ባይደን አሉበት። ኬሪ በ2004 የፓርቲው እጩ ሆኑ፣ ባይደን በ2020 እጩም ፕሬዚዳንትም ሆኑ። ኢራቅ የሚለው ቃል ክሊንተን ላይ እንደተጣበቀው ባይደን ላይ አልተጣበቀም። ይሄ ጾታ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል ወይ? ሙሉ በሙሉ አይቻልም፣ በ2020 ጦርነቱ 17 አመት አልፎት ነበር፣ የመራጩ ሀሳብ ያለው ኮቪድና ትራምፕ ላይ ነበር። ሆኖም በ2016 ስለ ኢራቅ ብዬ ነው ያልመረጥኳቸው ያለ ሰው በ2020 ባይደን ላይ ያንን ጥያቄ ጭራሽ ካላነሳ ራሱን መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፣ ሌላ ሰው ሊጠይቅለት አይችልም።

በኢሜይሉም ተመሳሳይ ነገር አለ። ከሳቸው በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሊን ፓወል የግል ኢሜይል ለስራ ይጠቀሙ ነበር፣ መጠኑ ቢለያይም፣ እሳቸው የራሳቸው ሰርቨር አልነበራቸውም። በማርች 2025 ደሞ የትራምፕ ከፍተኛ ባለስልጣናት የመን ላይ ስለሚደረግ የአየር ድብደባ ሲግናል በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ሲጻጻፉ አንድ ጋዜጠኛ በስህተት ግሩፑ ውስጥ ገብቶ ሁሉን ሲያነብ ተገኘ። በ2016 ክሊንተን እስር ቤት ትግባ እያለ በሰልፍ ሲጮህ የነበረው ህዝብ በዚህ ጊዜ ያን ያህል አልተቆጣም። እዚህ ላይ ግን እውነቱን ለመናገር ጾታ ሳይሆን ፓርቲ ነው አብዛኛውን የሚያስረዳው፣ ሰው የራሱን ወገን ጥፋት ያቀላል የሌላውን ያከብዳል፣ ወንድም ይሁን ሴት። ለዚህ ነው በአንድ ፓርቲ ውስጥ ያለ ንጽጽር ከሁለት ፓርቲ ንጽጽር የበለጠ የሚያስተምረው።

የኛም ታሪክ እንዲህ አይነት ድብልቅ ያውቃል። አጼ ምኒልክ በህመም ከተዳከሙ በኋላ እቴጌ ጣይቱ መንግስቱን ሲመሩ የሸዋ መኳንንት ተባብረው በ1902 ዓ.ም ከስልጣን አራቋቸው፣ ስራቸውም ባላቸውን ማስታመም ብቻ እንዲሆን ተደረገ። መኳንንቱ እውነተኛ ቅሬታ ነበራቸው፣ እቴጌይቱ ዘመዶቻቸውንና የሰሜን ሰዎችን እየሾሙ የሸዋን ወገን ገፍተዋል የሚል። ዘመድ መሾም ግን በዛ ዘመን ማንም ንጉስና ራስ ሲያደርገው የኖረ ነገር ነው። ቅሬታው ውሸት አልነበረም፣ ቅጣቱ ግን ለወንድ በማይታሰብ መልክ ነው የመጣው፣ ወደ ባልሽ ተመለሺ ተብሎ።

አንድ ሰው ላይ አይታይም፣ ብዙ ሰው ላይ ግን ይለካል

ሰውን በቀጥታ ብትጠይቀው ማንም አድልዎ አለብኝ አይልህም። ጋሉፕ የተባለው የህዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት በ1937 አሜሪካኖችን ብቁ ሴት በፕሬዚዳንትነት ብትቀርብ ትመርጣላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አዎ ያለው አንድ ሶስተኛ ገደማ ነበር። በቅርብ አመታት ቁጥሩ ከ90 ከመቶ በላይ ነው። ትልቅ ለውጥ ነው፣ የውነትም ለውጥ አለበት። ችግሩ ሰው በጠያቂ ፊት የሚያሳፍር መልስ አለመስጠቱ ነው።

ይሄንን ለመሻገር ተመራማሪዎች የዝርዝር ሙከራ የሚባል ዘዴ አላቸው፣ አሰራሩ ብልህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ተጠያቂዎቹን በእጣ ለሁለት ትከፍላቸዋለህ። ለመጀመሪያው ቡድን አራት ነገር ትዘረዝርለታለህ፣ የቤንዚን ዋጋ መጨመር፣ ስፖርተኞች ሚሊዮን ዶላር መከፈላቸው፣ ቀበቶ እሰሩ ተብሎ መገደድ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች አካባቢ መበከላቸው። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ያናድድሃል ብለህ ትጠይቀዋለህ፣ የትኛው አትለውም፣ ቁጥር ብቻ። ለሁለተኛው ቡድን እነዛኑ አራቱን ትሰጥና አምስተኛ ትጨምራለህ፣ ሴት ፕሬዚዳንት ሆና ማገልገሏ። ማንም ሰው የትኛው እንዳናደደው ስለማይናገር የሚያፍርበት ነገር የለም። በሁለቱ ቡድኖች አማካይ መሀል ያለው ልዩነት ግን በአምስተኛው ነገር ስንት ሰው እንደተናደደ ይነግርሃል። በ2006 መረጃ ተሰብስቦ በ2008 የታተመ ጥናት በዚህ ዘዴ ያገኘው ከአራት ሰው አንዱን ገደማ፣ 26 ከመቶ ነው። በዛው ዘመን በቀጥታ ሲጠየቅ አልመርጥም የሚለው ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር። መረጃው እድሜ አለው፣ ዛሬ ያው ነው ማለት አይቻልም፣ ግን ሰው የሚናገረውና የሚሰማው መሀል ክፍተት እንዳለ አሳይቷል። ማን እንደተናደደ ግን አይናገርም። ዘዴው ራሱ የሚሰራው የግለሰቡ ማንነት ስለተደበቀ ነው።

በ2010 የወጣ ሌላ ሙከራ አለ። ተመራማሪዎቹ የአንድ የኦሪገን ሴናተር የህይወት ታሪክ ፈጥረው ጽፈው ለግማሹ ሰው ጆን በር፣ ለግማሹ አን በር ብለው ሰጡት፣ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ጽሁፉ ላይ ሰውየው ስልጣን ይፈልጋል የሚል ሲጨመርበት ጆን አልተጎዳም፣ አን ግን ድጋፍ አጣች፣ አንባቢዎቹም በሷ ላይ ንቀትና መጸየፍ የመሰለ ስሜት ገለጹ። ይሄ ከክሊንተን ታሪክ ጋር ስለሚገጥም በጣም ተወርቶለታል፣ ምክንያቱም ክሊንተን ከ2009 እስከ 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሲሰሩ ከአሜሪካ ህዝብ 60 ከመቶው በላይ ይወዳቸው ነበር፣ ለፕሬዚዳንትነት እፈልጋለሁ ሲሉ ነው የወረደው። ሲሰሩ ይወደዳሉ፣ ሲጠይቁ ይጠላሉ የሚባለው ከዚህ ነው የመጣው። ግን ሌላ ማብራሪያም አለ። ሚኒስትር ከፓርቲ ፍልሚያ ትንሽ ራቅ ያለ ነው፣ እጩ ሲሆን ተቃራኒው ፓርቲ ሙሉ መሳሪያውን ያዞርበታል፣ በ2012 ሊቢያ ቤንጋዚ ውስጥ አሜሪካኖች ላይ ስለደረሰው ጥቃት የተነሳው ክስና የኢሜይሉ ጉዳይ ጎልተው የወጡትም በዚሁ ጊዜ ነው። የአንና የጆን ሙከራም በኋላ በሌሎች ሲሞከር ሁሌ ያንኑ ውጤት አልሰጠም።

የበለጠ ሊያስገርም የሚችለው ደሞ ይሄ ነው። በ2022 የታተመ አንድ ስራ 67 እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን ከብዙ አገር ሰብስቦ አንድ ላይ ሲያያቸው፣ ሌላው ነገር እኩል ሲሆን ሴት እጩ በአማካይ ወደ 2 ነጥብ ገደማ ብልጫ አግኝታለች። ለአሜሪካ ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሴቶችም ሲወዳደሩ ከወንዶች ባላነሰ ነው የሚያሸንፉት። ታዲያ አድልዎ የለም ማለት ነው? እንደዛ አይደለም፣ ምክንያቱም ሌላው ነገር እኩል ሲሆን የሚለው ሀረግ ብዙ ነገር ይደብቃል። በ2011 የታተመ ጥናት የምክር ቤት አባል የሆኑ ሴቶች ለወረዳቸው ከወንዶቹ 9 ከመቶ ገደማ የበለጠ የፌደራል ገንዘብ እንደሚያመጡ አግኝቷል። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ቀላል ነው፣ እዛ ለመድረስ የበለጠ ጎበዝ መሆን ስለነበረባቸው ነው። በሌላ አነጋገር እኩል ድምጽ ያገኙት የበለጠ ሆነው ነው።

የሃሪስ ሽንፈት

የ2024ቱን ሽንፈት ሁሉ ጾታ ላይ ማሳረፍ መረጃውን አይመጥንም። በዛ አመት ስልጣን ላይ የነበረ ፓርቲ ብዙ አገር ተቀጥቷል፣ የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች ወደቁ፣ የደቡብ አፍሪካ ኤኤንሲ አብላጫውን አጣ፣ ጃፓንና ህንድም ገዢዎቹ ፓርቲዎች ለብቻቸው የነበራቸውን አብላጫ አጥተዋል። አሜሪካ ውስጥ የዋጋ ግሽበት በጁን 2022 በአመት 9.1 ከመቶ ደርሶ ነበር፣ በ2024 ቢወርድም የእንቁላሉና የቤት ኪራዩ ዋጋ አልተመለሰም። ሃሪስ እጩ የሆኑት ባይደን ጁላይ 21 ከወጡ በኋላ ነው፣ ለዘመቻ የነበራቸው 107 ቀን ብቻ ነው፣ ከባይደን የተለየ ምን ታደርጊ ነበር ተብለው በቴሌቪዥን ሲጠየቁ የሚመጣልኝ ነገር የለም ብለው መለሱ። ሚሺጋን ውስጥ በጋዛ ጉዳይ የተቆጡ ከ100,000 በላይ ዴሞክራቶች ገና በፌብሩዋሪ ለማንም ያልወሰንን ብለው ድምጽ ሰጥተው ነበር፣ ያኔ እጩው ባይደን ነበሩ፣ ወንድ። ውጤቱም ቅርብ ነበር፣ 49.8 ለ 48.3።

ያው ቅርብ መሆኑ በሁለቱም በኩል ይሰራል። ልዩነቱ 1.5 ነጥብ ሲሆን ጾታን ጨምሮ ማንኛውም ትንሽ ነገር ወሳኝ ነበር ሊባል ይችላል፣ ለብቻው ወሳኝ የነበረውን መለየት ግን አይቻልም። የሚታወቀው የዘመቻው ቋንቋ ነው። በ2024 የትራምፕ ምክትል ሆነው የተወዳደሩት ጄዲ ቫንስ በ2021 ሃሪስን ጨምሮ ስለ ዴሞክራት መሪዎች ሲናገሩ ልጅ የሌላቸው ድመት አሳዳጊ ሴቶች ብለው ነበር፣ ይሄ ንግግር በ2024 ተቆፍሮ ወጣ። ልጅ አለመውለድ ለወንድ እጩ የብቃት ጥያቄ ሆኖ ሲነሳ አይሰማም። ይሄንን አጸያፊ ነው ማለትና ለዚህ ነው የተሸነፉት ማለት ግን ሁለት የተለያየ አባባል ነው፣ አንደኛው ይታያል፣ ሁለተኛው ማስረጃ ይፈልጋል።

እኔ ችግር የለብኝም፣ ሌላው ነው የማይመርጣት

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ ያልተወራለት መንገድ ይሄ ይመስለኛል። ሰው ሴት እጩን ሳይጠላ፣ እንደውም እየወደደ፣ ሊጥላት ይችላል። በጁን 2019 ኢፕሶስ ያደረገው የህዝብ አስተያየት ጥናት ዴሞክራትና ገለልተኛ መራጮችን ሲጠይቅ 74 ከመቶው ሴት ፕሬዚዳንት ብትሆን ይመቸኛል አሉ፣ ጎረቤቴ ይመቸዋል ያለው ግን 33 ከመቶ ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ እውነት መሆናቸው ይከብዳል፣ ብዙው የሌላው ጎረቤት ነው እኮ። ወይ ሰው ስለራሱ እየዋሸ ነው፣ ወይ ስለ ጎረቤቱ ተሳስቷል፣ ምናልባትም ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ።

በውስጥ ምርጫ ጊዜ ይሄ ስሌት ጉልበት አለው። በ2020 ትራምፕን ማሸነፍ ብቻ ነው የምፈልገው የሚል ሰው ከዴሞክራት ተወዳዳሪዎቹ መሀል ኤልዛቤት ዋረንን ወይ ኤሚ ክሎቡሻርን ወዶ ድምጹን ለባይደን ይሰጣል፣ ሌላው አይመርጣትም ብሎ። እዚህ ውስጥ ጥላቻ የለም፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። በጎ ሀሳብ ያለው ሰው በማያውቀው ሰው ጥላቻ ፈንታ ድምጽ ሰጠ ማለት ነው። ክሊንተን በ2016 ከትራምፕ በ2.9 ሚሊዮን ገደማ የበለጠ ድምጽ አግኝተው በኤሌክቶራል ኮሌጁ ስርአት መሸነፋቸው፣ ማለትም በየክፍለ ሀገሩ ተከፋፍሎ በሚቆጠረው፣ ይረሳና ሴት አታሸንፍም የሚለው ብቻ ትምህርት ሆኖ ይቀራል። በ2008 ጥቁር መራጮች ለባራክ ኦባማ እንዲህ ያለ ስጋት ነበራቸው፣ ነጮች አይመርጡትም የሚል፣ ነጭ የሚበዛባት አይዋ ውስጥ ሲያሸንፉ ነው ነገሩ የተገላበጠው።

የሚሼል ኦባማ ንግግር የሚያሳስበኝም ከዚህ አንጻር ነው። ንዴታቸው ይገባል፣ ያዩትንም ነው የተናገሩት። ግን ለ2028 የዴሞክራት እጩ ሊሆኑ የሚያስቡ ሴቶች ገንዘብ ሲጠይቁ ለጋሾች ቀድመው ሊያነሱ የሚችሉት ይሄንኑ ነው፣ አገሩ ዝግጁ አይደለም ተብሏል እኮ ብለው። ትንበያው ራሱን ሊፈጽም ይችላል፣ አጠቃላዩ ህዝብ ሳይጠየቅ።

ክሱ ያለቦታው ሲመጣ

በፌብሩዋሪ 2016 የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድሊን ኦልብራይት ለክሊንተን ሲቀሰቅሱ ሴት ለሴት ካልረዳች በሲኦል ልዩ ቦታ አላት አሉ፣ ብዙ ወጣት ሴቶች ተቆጡ፣ ኦልብራይትም ቦታውና ጊዜው እንዳልነበረ ጽፈው አመኑ። በኦክቶበር 2024 ባራክ ኦባማ ፒትስበርግ ላይ ጥቁር ወንዶችን ሴት ፕሬዚዳንት የሚለው ሀሳብ አልተዋጠላችሁም ብለው ሲወቅሱም ተመሳሳይ ቅሬታ ነበር። ሁለቱም ላይ የተፈጠረው አንድ ነገር ነው፣ በብዙ ሰው ላይ የሚታየውን ዝንባሌ ወስዶ ፊት ለፊት ያለውን ግለሰብ መክሰስ። የተከሰሰው ሰው ምክንያቱን ማስረዳት ያቆማል፣ ይከላከላል፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ ይሄዳል። ከዛ የውነት አድልዎ ሲመጣ ቃሉ ጉልበቱን ጨርሶ ይገኛል።

ክሱ በፓርቲ እየተመረጠም ይነሳል። የእንግሊዟን ማርጋሬት ታቸርን፣ በ2008 የሪፐብሊካን ምክትል ፕሬዚዳንት እጩ የነበሩትን ሳራ ፔሊንን፣ የጣሊያኗን ጆርጂያ ሜሎኒን የሚቃወም የግራ ፖለቲካ ደጋፊ ሴክሲስት ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ ፖሊሲ ነው የጠላሁት ብሎ ያልፋል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። በ2008 ግን ፔሊን ላይ ስለ ልብሳቸው፣ አምስት ልጅ ይዘው እንዴት ይችሉታል ተብሎ የተነሳው ጥያቄ ፖሊሲ አልነበረም። መለኪያው አንድ ከሆነ በሁለቱም በኩል አንድ መሆን አለበት።

በአካባቢያችን ያለችውን ታንዛኒያን ብናይ ደሞ ፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሀሰን በ2021 ስልጣን ሲይዙ በአካባቢው ላለች ሴት ሁሉ ኩራት ነበር። በኦክቶበር 2025 ግን ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ቻዴማ እንዳይወዳደር ታግዶ፣ መሪው ቱንዱ ሊሱ በአገር ክህደት ተከሰው ታስረው በተደረገ ምርጫ 98 ከመቶ ገደማ አሸነፉ ተባለ፣ ተቃውሞ ሲነሳም ሰው ተገደለ። ይሄንን መቃወም ሴትን መናቅ አይደለም፣ ዝም ማለት ነው እንደውም ሴትን እንደ ሙሉ ፖለቲከኛ አለመቁጠር።

እንዴት ይለያል?

ከውጭ ሆኖ የሌላን ሰው ልብ መለየት አይቻልም፣ ንግግርን ግን መመዘን ይቻላል፣ ራስንም እንዲሁ። ጠቃሚው ጥያቄ ይሄንኑ ያደረገ ወንድ አለ ወይ፣ ያኔ ምን ተሰማኝ የሚለው ነው፣ እንዳየነው ለክሊንተን ባይደን አሉ፣ ለጣይቱ ሌላው መስፍን ሁሉ አለ። ምክንያቱ ሲመለስ ጥላቻው አብሮ ይለዝባል ወይስ ሌላ ምክንያት ፍለጋ ይወጣል የሚለውም ብዙ ይናገራል። ኢሜይሉ ቢቀር ድምጿ፣ ድምጿ ቢቀር ጤናዋ እየተባለ የሚቀጥል ከሆነ ምክንያቶቹ ለጥላቻው ነው የሚያገለግሉት። ቋንቋም አለ። አማርኛ አንተና አንቱ ስላለው እኛ የምንናገረው ሳናስበው ይታያል፣ በአንድ ወሬ ውስጥ ወንዱን ፖለቲከኛ እሳቸው ብሎ ሴቷን እሷ ወይ ሴትዮዋ የሚል ሰው ፖሊሲ ላይ ሳይደርስ ደረጃ አስቀምጧል።

አገር ቤትም ይሄ ጥያቄ ገና ነው። በ2011 ዓ.ም መግቢያ የካቢኔው ግማሽ ሴት ሲሆን፣ ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መአዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሲሆኑ ትልቅ ነገር ነበር፣ ግን ሁሉም በሹመት ነው የመጡት። ህዝብ ድምጽ ሰጥቶ ዋናውን ስልጣን ለሴት የሚሰጥበት ወይ የሚነፍግበት ፈተና አልመጣም። ለዚያ በጣም ቀርበው የነበሩት ብርቱካን ናቸው፣ አንድነት ፓርቲን በሊቀመንበርነት ሲመሩ፣ እሳቸው ግን በ2001 ዓ.ም ታሰሩና የ2002ቱ ምርጫ እስር ቤት እያሉ አለፈ።

ቨርጂኒያ ላይ ሁለት ሴቶች

ሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያዊ ያለበት ነው፣ ድምጹን በምክንያት የሚቀይር መሆኑንም አሳይቷል። በ2021 የባይደን አስተዳደር በጦርነቱ ጊዜ በያዘው አቋም የተቆጡ፣ በተለይም ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው እድል፣ ሊያስወጣ እንደሚችል ሲያስጠነቅቅ፣ የተወሰኑ ስብስቦች ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን ምረጡ ብለው ቀስቅሰዋል። ያኔ ሁለቱም እጩዎች ወንዶች ነበሩ። በ2024 ይሄንኑ ቂም ይዞ ሃሪስን ያልመረጠ ሰው ምክንያቱ ከሳቸው በፊት የነበረ ነው፣ በሴትነታቸው የመጣ አይደለም።

በ2025 ደሞ ሁለቱም እጩዎች ሴቶች ሆኑ፣ የቀድሞ የሲአይኤ ሰራተኛ ስፓንበርገርና ጃማይካ የተወለዱት የቀድሞ የማሪን ወታደር ዊንሰም ኧርል ሲርስ። ማንም ይመረጥ ማንም ይጠላ ሴት ነው የሚመረጠው፣ ሴት ነው የሚጠላው። ስለዚህ የተወራው ሌላ ነበር፣ የመብራት ሂሳብ፣ የኑሮ ውድነት፣ ከስራ የተባረሩት የፌደራል ሰራተኞች፣ በኦክቶበር የተዘጋው መንግስትና ያለደሞዝ የቀረው ቤተሰብ። ኧርል ሲርስን ያልመረጠ 58 ከመቶ ገደማ መራጭ ሴት ጠል ተብሎ አልተከሰሰም፣ ስፓንበርገርን ያልወደደም እንዲሁ።